የርቀት ትምህርት ፕሮግራም በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እንዴት ይከፈታል?

የርቀት ትምህርት መምህሩና ተማሪው በአብዛኛው ሳይገናኙ የሚካሄድ የትምህርት ስልት ነው። መማሪያው የተጻፈ ሞጁል ነው፤ ከእሱ ጋር አሳይመንት፣ መምህሩና ተማሪው ለጥቂት ቀናት የሚገናኙበት ቱቶሪያልና በየማዕከሉ የሚሰጥ ፈተና አለ። በዓለም ላይ ከቀደሙት መካከል እ.ኤ.አ. በ1858 የትም የተማረ ሰው ለዲግሪ ፈተና እንዲቀርብ በሩን የከፈተው የለንደን ዩኒቨርሲቲ፣ በ1946 ትምህርቱን በፖስታ መስጠት የጀመረው የደቡብ አፍሪካው ዩኒቨርሲቲ ዩኒሳ እና በ1969 የተቋቋመው የብሪታኒያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ይጠቀሳሉ። ዩኒሳ አዲስ አበባ፣ አቃቂ ማዕከል ስላለው ለኢትዮጵያውያን የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች እንግዳ አይደለም።

በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ርቀት ከመደበኛው፣ ከማታና ከሳምንት መጨረሻው እንዲሁም ከክረምቱ ጎን የሚሄድ መርሐ ግብር ነው። የሚማሩት በአመዛኙ መምህራን፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች፣ የሒሳብ ባለሙያዎችና ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች ናቸው፤ ሥራም ቤትም ጥለው ግቢ መግባት የማይችሉ ሰዎች። በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የትምህርት ሚኒስቴር በጥራት ምክንያት የርቀት ትምህርትን በመላ አገሪቱ አግዶ ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ2003 ዓ.ም.፣ እገዳው ተነሥቷል። ለእገዳው በምክንያትነት የተጠቀሰው የጥራት ጥያቄ ግን ዛሬም አዲስ ፕሮግራም የሚከፍት ዩኒቨርሲቲ ሁሉ የሚጠየቀው ነው።

ጥያቄው የሚመለሰው ተማሪ ከመመዝገቡ በፊት በሚሠራ ሥራ ነው። አብዛኛው የርቀት ፕሮግራም ችግር፣ የዘገየ ውጤትም ሆነ የጠፋ ፈተና ወይም በሁለተኛው ሴሚስተር የቀረ ተማሪ፣ ሥሩ ቢፈለግ ሞጁልና ማዕከል ሳይዘጋጁ ምዝገባ መከፈቱ ሆኖ ይገኛል።

ምን ይከፈት? ማን ያጸድቀዋል?

ለርቀት የሚመረጠው የትምህርት ክፍል በመደበኛው መርሐ ግብር ተማሪ አስመርቆ የሚያውቅና ቋሚ መምህራን ያሉት መሆን አለበት። አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ኢኮኖሚክስ፣ የትምህርት ዕቅድና ሥራ አመራር የመሳሰሉት ለዚህ ይመቻሉ። ቤተ ሙከራ የሚበዛበት ትምህርት ግን ተማሪውን ለሳምንታት ግቢ ማስገባትን ስለሚጠይቅ ማደሪያና ቀለቡ ታስቦ ካልሆነ ባይጀመር ይሻላል። የፍላጎት ጥናቱ ስንት ሰው ሊመዘገብ እንደሚችል ብቻ ጠይቆ ማለፍ የለበትም። ተማሪዎቹ የት የት እንደሚኖሩ፣ ማን እንደሚከፍልላቸው፣ መብራትና ኔትወርክ እንዳላቸው፣ ቅዳሜ ሥራ እንደሚገቡ ካላወቀ ማዕከል የሚመረጠው በግምት ይሆናል።

ሥርዓተ ትምህርቱ ከመደበኛው ጋር አንድ ነው፤ የሚለየው አሰጣጡና የጊዜው ርዝመት ነው። ሠራተኛ ተማሪ በሴሚስተር ከ12 ክሬዲት በላይ ይሸከማል ብሎ ማቀድ አይገባም። በዚህ ስሌት 144 ክሬዲት የሚጠይቅ ዲግሪ 12 ሴሚስተር፣ ማለትም 6 ዓመት ይፈጃል። ይህ በማስታወቂያው ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። በ4 ዓመት ትመረቃላችሁ ተብለው የገቡ ሰዎች በአምስተኛው ዓመት ዩኒቨርሲቲውን አታለለን ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ሰነዱ ከትምህርት ክፍሉ ጉባኤ ተነሥቶ በኮሌጁ አካዳሚክ ኮሚሽን በኩል ሴኔት ይደርሳል፤ በጀትና አዲስ መዋቅር የሚነካው ደግሞ ለቦርድ ይቀርባል። በአገር አቀፍ ደረጃ ጥራትን የሚከታተለው በ2014 ዓ.ም. የቀድሞውን የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲን የተካው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። በግቢው ውስጥ የዕለት ሥራውን የሚመራው የተከታታይና ርቀት ትምህርት ዳይሬክቶሬት ሲሆን፣ ከሬጅስትራርና ከፋይናንስ ጋር ያለው የሥራ ድርሻ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ካልተለየ በኋላ ማንም ኃላፊነት አይወስድም። ለቱቶሮች ክፍያ የሚፈርመው ማን ነው? ውጤት ወደ ሲስተም የሚያስገባውስ? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ሳያገኙ ሰነዱ ሴኔት ባይገባ ጥሩ ነው።

ሞጁል

የርቀት ተማሪ መምህሩ ሞጁሉ ነው። ስለዚህ ሞጁል የክፍል ስላይድ ተለጥፎ የሚወጣ ጽሑፍ አይደለም። እያንዳንዱ ምዕራፍ ዓላማውን ይናገራል፤ ትምህርቱን በአጫጭር ክፍል ከፋፍሎ ያስረዳል፤ በየሁለትና ሦስት ገጹ ተማሪው ብዕር አንሥቶ የሚሠራው ተግባር ይሰጣል፤ በመጨረሻ ራስን መፈተሻ ጥያቄና የመልስ ቁልፍ ያቀርባል። የመልስ ቁልፉ ሲረሳ ተማሪው ትክክል ይሁን ስህተት የሚነግረው ሰው የለም፤ ይህ ደግሞ በተደጋጋሚ የሚታይ ጉድለት ነው። «በክፍል እንደተወያየነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ያለበት ሞጁል ገምጋሚ እጅ እንዳልገባ ይታወቃል።

ለአንድ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ጸሐፊ፣ ከሌላ ተቋም ቢሆን የሚመረጥ የይዘት ገምጋሚ፣ የቋንቋ አርታዒና ገጽ የሚያቀናብር ሰው ያስፈልጋል፤ ሥራው ከ4 እስከ 6 ወር ይወስዳል። የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ አርታዒው ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮችን የሚሰብር፣ አዲስ ቃል በመጣ ቁጥር እዚያው የሚያስረዳ መሆን ይኖርበታል። ለጸሐፊው የሚከፈለው በሦስት ዙር፣ የመጨረሻው ደግሞ የገምጋሚው አስተያየት መካተቱ ከተረጋገጠ በኋላ ቢሆን ሥራው አይንጠለጠልም።

ኅትመቱ ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ነው። 160 ገጽ ያለው ኤ4 ሞጁል 80 ወረቀት ይወስዳል። 600 ተማሪ በሴሚስተር 4 ኮርስ ቢወስድ 192,000 ወረቀት፣ ማለትም ሽፋኑ ሳይቆጠር 384 ደስታ (ባለ 500 ወረቀት ጥቅል) ያስፈልጋል። ይህን ያህል ወረቀት ያለ ጨረታ አይገዛም። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራልና ዩኒቨርሲቲው አዲሱን በጀት ጠብቆ ጨረታ ካወጣ፣ ሰነድ ሽያጭ፣ ግምገማ፣ ውልና ኅትመት ተደማምረው ሞጁሉን ለመስከረም አያደርሱትም። ለዚህ ነው የመጀመሪያውን ዙር ተማሪ በየካቲት መቀበል የሚበጀው፤ መስከረም የግድ ከሆነ ደግሞ ውሉ ባለፈው ዓመት በጀት ታስሮ ሰኔ ሳያልቅ ኅትመቱ መጠናቀቅ አለበት።

ማዕከል፣ ቱቶሪያል፣ አሳይመንት

ማዕከሉ አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜና እሁድ ባዶ የሚሆን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ከትምህርት ቤቱ ጋር የሚፈረመው ስምምነት ስንት ክፍል፣ የትኞቹን ቀናት፣ የሚቆለፍ የዕቃ ክፍል ማን ዘንድ እንደሚሆንና የጽዳት ክፍያውን ሳይቀር ይዘረዝራል። አስተባባሪው ከተማው ውስጥ የሚኖር ሰው ይሁን፤ ተማሪው ሞጁል ሲጎድልበት የሚሄደው ወደ እሱ ነውና።

ቱቶሪያል ለአንድ ኮርስ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ቢመደብ በሁለት ቅዳሜና እሁድ ያልቃል። ሞጁሉን ከገጽ አንድ ጀምሮ ለማንበብ ከዋለ ግን ጊዜው ባከነ። ተማሪዎች የተቸገሩበትን ጥያቄ አስቀድመው ለአስተባባሪው ቢሰጡ ቱቶሩ በእነሱ ላይ ብቻ ይሠራል። ቀኑ ከፋሲካ፣ ከጥምቀት፣ ከረመዳን ማብቂያና ከመኸር አዝመራ ጋር እንዳይጋጭ የቀን መቁጠሪያው ከምዝገባ በፊት ታትሞ ለተማሪው መሰጠት አለበት፤ በመሃል የተለወጠ ቀን ከሩቅ ወረዳ አውቶቡስ ተሳፍሮ ለሚመጣ ሰው ጉዞውን ከንቱ ያደርግበታል።

የፕሮግራሙ ጥራት ከሁሉ በላይ የሚታየው በአሳይመንት እርማት ላይ ነው። እነዚያው 600 ተማሪዎች በ4 ኮርስ 2,400 አሳይመንት ያስገባሉ። አንዱ ወረቀት 15 ደቂቃ ቢወስድ 600 የሥራ ሰዓት ይሆናል፤ ለአንድ ቱቶር 60 ወረቀት ቢሰጥ 40 ምድብ ቱቶር ያስፈልጋል። ይህ ካልታቀደ ወረቀቱ ሳይነበብ ነጥብ ይሰጥበታል። የእርጅና ተቀናሽ ስሌት ላይ ለተሳሳተ ተማሪ ኤክስ ማድረግ ምንም አያስተምረውም። «ቀሪ ዋጋውን ከመግዣው ሳይቀንሱ ነው ለአገልግሎት ዘመኑ ያካፈሉት፤ ምሳሌውን ተመልክተው እንደገና ይሥሩት» የሚል አንድ መስመር ግን ያስተምረዋል። ወረቀቱ ከፈተናው ቢያንስ 2 ሳምንት ቀድሞ ተማሪው እጅ መመለስ አለበት። አንድ ዓይነት ጥያቄ በየዓመቱ ከተሰጠ መልሱ በማዕከሉ አጠገብ ባሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች መሸጡ አይቀርም፤ ጥያቄውን በየሴሚስተሩ መለወጥና በተማሪው መለያ ቁጥር የመጨረሻ አኃዝ ወደ ሦስት አራት ዓይነት መክፈል ይህን በእጅጉ ይቀንሰዋል።

ፈተናና ሰነድ

ፈተና በሁሉም ማዕከል በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ይጀምራል። ፖስታው በተፈታኞች ቁጥር ልክ ከጥቂት ትርፍ ጋር ይታሸጋል፤ የሚከፈተው በሁለት ተማሪዎች ፊት ሲሆን እነሱም ይፈርማሉ። ሰው ተክቶ መፈተን ትልቁ ስጋት በመሆኑ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ከስም ዝርዝሩ ጋር በአዳራሹ ውስጥ መመሳከር አለበት። የመልስ ወረቀት ተቆጥሮ በሁለት ቅጂ መረካከቢያ ካልተመለሰ፣ የጠፋው አንድ ወረቀት ምንም ያላጠፋ ሰው ትራንስክሪፕት ላይ ኤንጂ (ውጤት የለም) ሆኖ ይቀመጣል፤ እሱን ለማስተካከል ተማሪው ከሥራው ፈቃድ እየወሰደ መመላለስ ይጀምራል።

የመግቢያ ማስረጃ ማጣራት የመጀመሪያው ሴሚስተር ሳያልቅ መፈጸም አለበት። የ12ኛ ክፍል ውጤት ከትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ጋር ይመሳከራል። ይህ ለምረቃ ሲደርሱ ከተደረገ፣ ሳያውቅ ያልተሟላ ሰነድ ያስገባ ሰው ስድስት ዓመቱንና ገንዘቡን ያጣል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ በአገር አቀፉ የመውጫ ፈተና 50 በመቶ ማምጣት ግዴታው ሆኗል። ፈተናው በኮምፒውተር ስለሚሰጥ፣ ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ የርቀት ተማሪ አስቀድሞ ግቢ መጥቶ ልምምድ ማድረግ ይኖርበታል።

ኢንተርኔት የሚገባበት ቦታ

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ሲዘጋ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርትን በኢንተርኔት ማቅረቢያ የሆነውን ሙድልን በጥድፊያ ሥራ ላይ አውለዋል። ሙድል ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ ስልክ ላይ የሚጫነው መተግበሪያውም ኮርሱን አውርዶ ያለ ኔትወርክ ለማንበብ ያስችላል። ለወረዳ ተማሪ የሚጠቅመው ይህ እንጂ የቀጥታ ቪዲዮ አይደለም። የ20 ደቂቃ ማብራሪያ በድምፅ ብቻ፣ በሰከንድ 32 ኪሎቢት ቢቀረጽ 5 ሜጋባይት አይሞላም፤ በቴሌግራም ይላካል፣ በፍላሽም ይዞራል። እንደ አማርኛ ቋንቋ ኮርስ ያሉ በአማርኛ የሚዘጋጁ ሞጁሎች ደግሞ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የቆዩ ፊደሎች ተጽፈው ከሆነ ሙድል ላይ ሲጫኑ የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ ሆነው ይታያሉ። መፍትሔው ወደ ዩኒኮድ መቀየርና እንደ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ባለ ፊደል ማስቀመጥ ነው፤ ለኅትመትም ቢሆን ሥራውን ከመነሻው በዩኒኮድ መጀመር ድርብ ድካም ያስቀራል።

ፕሮግራሙን የሚያጸድቀው ሰነድ ስለ መዝጋትም መናገር አለበት። ተመዝጋቢ ሲያንስ ወይም መምህራን ሲለቁ አዲስ ቅበላ ይቆማል፤ የገቡት ግን እስኪመረቁ ሞጁል፣ ቱቶርና ፈተና ይገባቸዋል። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ከውስጥ ገቢው በየዓመቱ ተለይቶ የሚቀመጥበትን ድርሻና ወደኋላ የቀረ ተማሪ ኮርሱን በማታው ወይም በክረምቱ መርሐ ግብር የሚጨርስበትን መንገድ ሴኔቱ በመክፈቻው ቀን ሊወስን ይገባል።