ኬላና መንገደኛ፦ ስደት፣ የድንበር ጥበቃና ሽብርተኝነት ከጅማ ሲታዩ

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከሀገሪቱ ዳር ድንበር ላይ ያለች ከተማ አይደለችም። ግን የድንበርን ጉዳይ ከብዙ ከተሞች ቀድማ ታውቀዋለች። በአንድ ወቅት የራሷ ወሰን፣ የራሷ በርና የራሷ በር ጠባቂ ነበራት። ዛሬ ደግሞ ከዞኑ ወረዳዎች ብዙ ወጣት ወደ ዐረብ ሀገር ይሄዳል።

የአባ ጅፋር ኬላዎች

መኪና አስቁመው የሚፈትሹበትን ቦታ ዛሬ ሁላችንም ኬላ እንላለን። በጅማ ቃሉ ትልቅ ታሪክ አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጅማ ከአምስቱ የግቤ መንግሥታት አንዷ ነበረች፤ ከአምስቱም ገናናዋ እሷ ነበረች ማለት ይቻላል። ግቤና ጎጀብ ወንዞች ያዋስኗታል። ወንዝ በሌለበት ጥልቅ ቦይ ይቆፈራል። ከቦዩ ማዶ «ሞጋ» የሚባል ባዶ መሬት ይተዋል። ማንም አያርሰውም፣ ማንም አይሰፍርበትም። ጠላት ሲመጣ ከሩቅ እንዲታይ ነው። መግቢያውና መውጫው ኬላው ብቻ ነው። የኬላው ሹም «አባ ኬላ» ይባላል።

አሠራሩ ቀላልና ጥብቅ ነበር። ከሸዋ ወይም ከጎጃም አሞሌና ጨርቅ በበቅሎ ጭኖ የመጣ ነጋዴ በሩ ላይ ይቆማል። ማን እንደሆነ፣ ምን እንደያዘ ይጠየቃል። ቀረጡን ይከፍላል። እንግዳ ሰው ከሆነ ደግሞ መልእክተኛ ወደ ጅሬን ቤተ መንግሥት ይላካል። ፈቃዱ እስኪመጣ እዚያው ይጠብቃል። ወሬ ለመሰለልና ለመውረር የሚመጣውን ከነጋዴው የሚለየው ይህ ጥበቃ ነው። ዓላማው ሰው እንዳይገባ መከልከል አልነበረም። እንዲያውም የጅማው ሂርማታ ገበያ የቆመው በመንገደኛ ነው። ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ሁሉም በነጋዴ እግር ነው የመጣውም የሄደውም። ወሰኑ ስለተጠበቀ ነጋዴው ጅማን ደኅና ሀገር ብሎ መረጣት።

በዚያው በር የተሸጡ ሰዎችም ያልፉ ነበር። ይህ መካድ የለበትም። ለነጋዴው ሰላም የሰጠው ኬላ ለእነሱ የሰጠው ነገር የለም።

የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1870 ዓ.ም. አካባቢ ጀምረው ከ50 ዓመት በላይ ነገሡ። ለምኒልክ ያለ ጦርነት ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን አቆዩ። ጎረቤት ከፋ በጦርነት ስትደቅ ጅማ ገበያዋን ይዛ ቀጠለች። የንጉሡን አስተዋይነት ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም። ዛሬም ጅሬን ላይ ከእንጨት የተሠራው ቤተ መንግሥታቸው ሰገነት ላይ የቆመ ሰው ከታች ከተማዋን ያያል።

ከእሳቸው በኋላ መንግሥቱ ቀረ፣ ኬላዎቹም የውስጥ መንገድ ሆኑ። በጣሊያን ወረራ ጅማ የአንድ ሰፊ ግዛት መቀመጫ ነበረች። በደርግ ጊዜም የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች።

የዛሬው መንገደኛ

አሁን ዋናው መንገድ ወደ ምሥራቅ ነው። በአፋር ወይም በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ በእግር ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ። በሞያሌ ወደ ደቡብ፣ በመተማ ወደ ሱዳንና ሊቢያ የሚሄድም አለ። ጉዞው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሌሊት 11 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ነው። ትንሽ ቦርሳ፣ አንድ ቅያሪ ልብስ፣ ወረቀት ላይ የተጻፈ የደላላ ስልክ። ከሳምንታት በኋላ ለእናት ይደወላል። ብር ላኪ፣ አለዚያ ልጅሽን አናሳልፍም ይላታል አንድ የማታውቀው ድምፅ። እናት ላሟን ትሸጣለች።

በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ፈቃድ የሌላቸውን ማባረር ስትጀምር በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። መንግሥት ለሥራ ወደ ውጭ መሄድን ከልክሎ እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ። ሕጋዊው በር ሲዘጋ ደላላው ሥራ በዛለት። የሰብዓዊ መብት ተሟጋቹ ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በየመን ድንበር በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ገድለዋል ብሏል። ሳዑዲ መሠረተ ቢስ ነው ስትል አስተባብላለች።

ሽብር የሚገባበት

ድንበር አቋርጦ የመጣ ሽብር ኢትዮጵያን መትቷታል። ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በግብፁ ፕሬዚዳንት ሙባረክ ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ። ሱዳን እጇ አለበት ተብላ በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ማዕቀብ ተጣለባት። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የአልሸባብ ታጣቂዎች ወደ ሶማሌ ክልል ዘልቀው ገቡ። ሁለቱም የታቀዱ ጥቃቶች ነበሩ። ሥራ ፍለጋ የሚሄደው ልጅ ከዚህ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ስደተኛው ከሽብር ጋር ሲገናኝ በብዛት ተጎጂ ሆኖ ነው። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. አይኤስ ሊቢያ ውስጥ 30 ገደማ ሰዎችን ሲገድል የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቀ። ወደ አውሮፓ በሚወስደው መንገድ ላይ የነበሩ የእኛው ልጆች ነበሩባቸው።

ጅማ ራሷም ከባድ ጊዜ አሳልፋለች። በ2003 ዓ.ም. በአሰንዳቦና አካባቢው በርካታ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ሺዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። መንግሥት «ኸዋሪጅ» የተባለ አክራሪ ቡድንን ተጠያቂ አደረገ። ከውጭ የገባ አስተሳሰብ ነው የሚሉ አሉ። በአካባቢው የነበረ ቅሬታ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም ሊኖሩበት ይችላሉ።

በ2012 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች በተከታታይ ወጡ። ቁጥር 1176 የሽብር ወንጀልን ይመለከታል። ቁጥር 1178 ደግሞ በሰው መነገድንና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን። ሁለተኛው አሻጋሪውን ይቀጣል፣ ለተጎጂው ድጋፍ እንዲደረግ ያዛል። ሕጉ ላይ ሁለቱ ወንጀሎች የተለያዩ ናቸው። መንገድ ላይ ባለው ኬላ ግን ከሁለቱም ጋር የሚጋፈጠው አንድ ፖሊስ ነው። ከአውቶቡስ የወረደ የ17 ዓመት ልጅ ፊቱ ይቆማል። ቦርሳውን ከፍቶ፣ ማን እንደላከው ጠይቆ፣ ተጠርጣሪ ወይም ተጎጂ ብሎ የሚመዘግበው እሱ ነው።