ያገባች ሴት ልጅና የሕንድ ቤተሰብ ርስት

በሕንድ «ሴት ልጅ ካገባች የአባቷ ቤት ርስት አይደርሳትም» ሲባል ስለሚሰማ ሕጉን በግልጽ ማወቅ ያስፈልጋል። የሂንዱ የውርስ ሕግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ከተሻሻለ ወዲህ ሴት ልጅ፣ ብታገባም ባታገባም፣ ከአያት ቅድመ አያት በወረደው የጋራ ርስት ላይ ልክ እንደ ወንድሟ በመወለዷ ብቻ ባለድርሻ ናት፤ አባቷ ሕጉ ሲሻሻል በሕይወት ባይኖርም መብቷ እንደማይቀር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2020 ወስኗል። እናት በሌለችበት ቤት አባት፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ቢካፈሉ ለእያንዳንዳቸው አንድ ሦስተኛ ይደርሳል። አባት በራሱ ጥረት ያፈራውን ንብረት ግን ለፈለገው ሊናዘዝ ይችላል። ሕጉ ቡድሂስቶችን፣ ጃይኖችንና ሲኮችንም ይመለከታል፤ ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች በሌላ ሕግ ይዳኛሉ። ብዙ እህቶች ለወንድሞቻቸው ሲሉ ድርሻቸውን በፊርማ ይተዋሉ፤ ይህ ግን ልማድ እንጂ ግዴታ አይደለም፣ ማንም ሊያስገድዳቸውም አይገባም።