ጥቃቅን ቅርጻ ቅርጽ፦ ትዕግሥቱ ከየት ይመጣል?

ጥቃቅን ቅርጻ ቅርጽ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ሰው፣ እንስሳ ወይም ዕቃ በእጅ እየቀረጹ የማውጣት ሥራ ነው። በጣም ከተለመዱት ልኮች አንዱ የቆመ ሰው ቁመት 28 ሚሊሜትር ገደማ የሚሆንበት ነው። በዚህ ልክ የሰው ጭንቅላት 4 ሚሊሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ምስር በሉት። ዓይኑም አፍንጫውም ጆሮውም የሚወጣው እዚያች ምስር ላይ ነው።

ብዙ ሰው «እኔ ትዕግሥት የለኝም» ብሎ ሳይጀምር ይተወዋል። ትዕግሥት ግን ይዘውት የሚወለዱት ነገር አይመስለኝም። ሥራውን በደረጃ የከፈለ ሰው ሳያውቀው ታጋሽ ይሆናል።

ኤፖክሲን እንይ፤ ሁለት ክፍል ተደባልቆ የሚጠነክር፣ ሊጥ የሚመስል መቅረጫ ነው። ሁለቱን ክፍል እኩል አድርጋችሁ ካሻችሁት በኋላ ለአንድ ሰዓት ገደማ ይታዘዝላችኋል፣ ከዚያ እየጠነከረ ይሄዳል፣ ጨርሶ ለመድረቅ ደግሞ ሰዓታት ይፈልጋል፤ በክረምቱ ብርድማ ጭራሽ ይዘገያል። የቸኮለ ሰው ደረቱ ሳይደርቅ ፊቱን ልሥራ ይልና ደረቱን በአውራ ጣቱ ይደፈጥጠዋል። ስለዚህ ዛሬ የሽቦ አጽሙን፣ ነገ የሰውነቱን ጥቅል ቅርጽ ብቻ። ሁለት ሦስት ቅርጽ ባንዴ ጀምሩ። አንዱ እስኪደርቅ እጃችሁ ሌላው ላይ ይሆናል። ጓንትም አድርጉ፣ ያልደረቀ ኤፖክሲ ቆዳ ያስቆጣል።

ፖሊመር ክሌይ፣ ማለትም እንደ ሸክላ ጭቃ የሚቀረጸው ፕላስቲክ፣ ሌላ ነው። የሚጠነክረው በኦቨን ነው፣ እንደ ዓይነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ110 እስከ 130 ዲግሪ። ኦቨን የሌለው ሰው ልቀቅለው ቢል አዲስ አበባ ላይ አያዋጣም፤ ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል።

መሣሪያው ብዙ ወጪ የለውም። መርፌ፣ ስቴኪኒ፣ እንዳይጣበቅ ጫፉ ላይ የሚቀባ ትንሽ ቫዝሊን፣ ከጎን የሚመጣ መብራት። ከፊት የሚበራ መብራት ጉድለቱን ይደብቅባችኋል።

ዓይንን ማሠልጠን ግን ጊዜ ይወስዳል፣ ለዚህ ደግሞ መሀል ከተማው ጥሩ ነው። አምስት ኪሎ አካባቢ በ1950 ዓ.ም. የተመሠረተው የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ይገኛል፣ ቅርጻ ቅርጽ በወጉ ይማሩበታል። ለእኔ ትልቁ ትምህርት ቤት ግን ሁለቱ አንበሶች ናቸው። ለገሃር ያለው የይሁዳ አንበሳ ነሐስ ነው፣ ጡንቻውና ጎፈሩ እውነተኛ አንበሳ ይመስላል። ትንሽ ወክ አድርጋችሁ ብሔራዊ ቴአትር ጋ ስትደርሱ ደግሞ ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ የሠራው የድንጋይ አንበሳ አለ። እሱ ፀጉር በፀጉር አልተቀረጸም፣ በትልልቅ ቅርጾች ብቻ ነው የቆመው፣ ግን ከመንገዱ ማዶም አንበሳነቱ አይጠፋችሁም። ምስር በምታክል ጭንቅላት ላይ የሚያዋጣው ይኼኛው መንገድ ነው። ደብተር ይዛችሁ ሂዱና ጎፈሩን በአምስት መስመር ብቻ ለመንደፍ ሞክሩ። ማታ ቤት ስትገቡ ያቺኑ አምስት መስመር በመርፌ ጫፍ ክሌዩ ላይ ድገሟት።