120 ዓመት ወይስ 70?

በኦሪት ዘፍጥረት 6፥3 የሰው ዘመን 120 ዓመት እንደሚሆን ተጽፎ ሳለ፣ የሙሴ ጸሎት የተባለው መዝሙር (በግእዙ አቆጣጠር 89ኛው፣ በዕብራይስጡ 90ኛው) ዕድሜያችን 70፣ ብንበረታም 80 ዓመት ነው ስለሚል፣ ብዙ አንባቢ ሁለቱ ይጋጫሉ ብሎ ይቸገራል።

120ው የእያንዳንዱ ሰው ዕድሜ ጣሪያ ነው እንዳይባል፣ ከጥፋት ውኃ በኋላ አብርሃም 175፣ ይስሐቅ 180 ዓመት እንደኖሩ ያው መጽሐፍ ይመሰክራል፤ ስለዚህም ከጥንት ጀምሮ በርካታ ተርጓሚዎች ቁጥሩን ውኃው እስኪመጣ ድረስ ለዚያ ትውልድ የተሰጠ የንስሐ ጊዜ አድርገው ተረድተውታል። ሌሎች ግን ዕድሜ ቀስ በቀስ እያጠረ ወደዚያ ልክ ወረደ ብለው፣ በ120 ዓመቱ ያረፈውን ሙሴን ይጠቅሳሉ። በእኔ እይታ የፊተኛው ከምዕራፉ አካሄድ ጋር ይበልጥ ይስማማል።

መዝሙሩ በበኩሉ ወሰን አይደነግግም፤ የሚታየውን ይናገራል እንጂ። 80 ዓመት ምን እንደሚመስል በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ ምዕራፍ 19 ላይ ገለዓዳዊው ቤርዜሊ ይነግረናል፦ ዳዊት በኢየሩሳሌም አብሮት እንዲኖር ሲጋብዘው፣ የሚበላውና የሚጠጣው እንደማይጣፍጠው፣ የዘፋኞችንም ድምፅ መስማት እንደተሳነው ገልጾ፣ ለንጉሡ ሸክም መሆንን አልፈለገም። ዳዊት ራሱ በ30 ዓመቱ ነግሦ 40 ዓመት ስለገዛ ዕድሜው 70 ገደማ ነበር። ከእርሱ ወዲያ ዕድሜያቸው ከተመዘገበው የይሁዳ ነገሥታት መካከል ብዙ የኖሩት ዖዝያንና ምናሴ እንኳ 68 እና 67 ላይ ቆመዋል።