ደለል፦ ከአንገረብ እስከ ጣና

ደለል የሚባለው ወራጅ ውሃ ተሸክሞት የሚሄደው አሸዋና ደቃቅ አፈር ነው። ከውሃ ይከብዳል። የኳርትዝ አሸዋ በመጠን እኩል ከሆነው ውሃ 2.65 እጥፍ ይመዝናል። መስጠሙ አይቀርም፤ ጉዳዩ በምን ያህል ጊዜ የሚለው ነው።

ስሌቱን የፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ስቶክስ በ1851 እ.ኤ.አ. አውጥቶታል። የቅንጣቷ ውፍረት በግማሽ ሲያንስ የመስጠሟ ፍጥነት ወደ ሩብ ይወርዳል። በረጋ ውሃ ውስጥ 0.1 ሚሊ ሜትር አሸዋ 1 ሜትር ለመውረድ 2 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። 0.01 ሚሊ ሜትር ከሆነ 3 ሰዓት ነው። 0.002 ሚሊ ሜትር የሆነው ሸክላ አፈር ግን 3 ቀን ይፈጅበታል! ሕጉ የሚሠራው ለደቃቁ ነው፤ ጠጠር ላይ አይሆንም።

ወንዝ ደግሞ አይረጋም። ሽክርክሪቱ ደቃቁን ወደ ላይ እያነሳ ያቆየዋል፤ ሻካራው አሸዋ ታች እየተንከባለለና እየዘለለ ይሄዳል። ከባድ ቅንጣት በጠባብ ሽክርክሪት ውስጥ መዞር አይሆንለትም፣ ወደ ውጭ ይወረወራል። ስለዚህ ድፍርስ ውሃ ሁሉም ቦታ እኩል ድፍርስ አይደለም።

ቡናችሁን ስታማስሉ ግን አተላው ዳር ሳይሆን መሃል ይከማቻል። ምክንያቱም የስኒው ወለል ውሃውን ስለሚያዘገየው ከሥር ያለው ወደ መሃል ይሳባል፤ አተላውንም ይዞት ይሄዳል። አልበርት አይንስታይን በ1926 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ከወንዝ መጠማዘዝ ጋር አያይዞታል፦ ወንዝ በኩርባው ውጭኛውን ዳር ይቦረቡራል፣ አሸዋውን ውስጠኛው ዳር ላይ ይጥላል።

ጎንደር ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ናት። ከተማዋ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ሁለቱ መገጭን ይቀላቀላሉ፣ መገጭ 1,786 ሜትር ግድም ላይ ወደተኛው ጣና ይገባል። አፄ ፋሲል ከተማዋን በ1636 እ.ኤ.አ. ቆረቆሯት። የፋሲል መዋኛ እስከ ዛሬ ለጥምቀት በቀሃ ውሃ ይሞላል፤ ደግነቱ ጥር ላይ የክረምቱ ጎርፍ አልፏል።

ለከተማዋ የመጠጥ ውሃ የሚያቀርበው የአንገረብ ግድብ ግን ክረምቱን ሁሉ መቀበል አለበት። ወንዙ ግድቡ ጋ ሲደርስ ይረጋል። አሸዋውን መግቢያው ላይ ይጥላል፣ ደቃቁ እስከ ግድቡ ግንብ ድረስ ይዘልቃል። የውሃው ቦታ በአፈር ይያዛል። በጣም የሚደፈርሰው ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው፤ እርሻው ገና ታርሶ እርቃኑን ነዋ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወንዙ ያንኑ ያህል ሞልቶም ጭቃው ይቀንሳል። ደለሉ ከእርሻ ይልቅ ከቦረቦርና ከወንዝ ዳር ይመጣል የሚሉም አሉ፤ ምናልባት እንደየቦታው ይለያይ ይሆናል። እርከን ግን ለሁለቱም ይበጃል።

ከዚያ የተረፈው ደቃቅ በራሱ ቶሎ አይዘቅጥም። በማጣሪያ ጣቢያ አሉም የሚባል የአሉሚኒየም ጨው ይጨመርበታል፤ ቅንጣቶቹ ተያይዘው ይወፍራሉ፣ ይወርዳሉ። ገጠር ቤት ውስጥ ድፍርሱ በእንስራ ያድራል። ጠዋት ከላይ በቀስታ ይቀዳል፣ ሥሩ ይደፋል።