አፉን ያልፈታ ልጅ፦ ኦቲዝምና የልጅ አስተዳደግ በወሎ

ሦስት ዓመት ሞልቶት አፉን ያልፈታ ልጅ ያላት የወሎ እናት መጀመሪያ የምትሰማው ቃል «አብሽሪ» ነው። አብሽሪ፣ ይናገራል። አባቱም የተናገረው በአራት ዓመቱ ነው። ወንድ ልጅ ደግሞ ይዘገያል። ቃሉ ከልብ ነው፤ ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ቤት እኩል ይወጣል። ችግሩ ሌላ ነው። ከዝምታው ጀርባ ያለው ኦቲዝም ከሆነ፣ ልጁን ድጋፍ በጣም የሚጠቅመው በአብሽሪ በሚያልፉት በእነዚያው ዓመታት ነው።

ኦቲዝም ከሰው ወደ ሰው የሚጋባ በሽታ አይደለም። አእምሮ ገና ከፅንስ ጀምሮ በተለየ መንገድ ሲያድግ የሚፈጠር ሁኔታ ነው። ከሰው ጋር በመግባባት፣ ድምፅና ብርሃን በመቋቋም፣ ለውጥን በመቀበል ላይ ይታያል። ከልጅ ልጅ ይለያያል። አንዱ ጭራሽ አይናገርም፤ ሌላው ያየውን የመኪና ታርጋ ሁሉ በቃሉ ይይዛል። ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 የ11 ልጆችን ታሪክ ጽፎ ካሳተመ በኋላ ነው ስያሜው የታወቀው። ከዚያ ለብዙ ዓመታት «እናትየው ፍቅር ነፍጋው ነው» ሲባል ኖረ። ሐሰት ሆኖ ተገኘ። ከክትባት ጋር ያያያዘው እ.ኤ.አ. የ1998ቱ ጽሑፍም እ.ኤ.አ. በ2010 ካወጣው መጽሔት ተሰርዟል። የዘር ውርስ ግን ትልቅ ድርሻ አለው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2021 ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። በዚህ ሒሳብ አንድ ትልቅ ቀበሌ ውስጥ ስንት ቤት እንደሚሆን ማስላት አያስቸግርም።

ምልክቶቹ ከንግግር ይቀድማሉ። ዓመት የሞላው ሕፃን ስሙ ሲጠራ አይዞርም። ዓመት ተመንፈቅ ሲሆነው የሚፈልገውን በጣቱ አያሳይም፤ ይልቅ የእናቱን እጅ እንደ ዕቃ ይዞ ወደ ማሰሮው ይጎትታል። አንዳንዱ የጀመራቸውን ጥቂት ቃላት በሁለተኛ ዓመቱ ገደማ ይተዋቸዋል። ዐይን ለዐይን አለመተያየት ሌላው ምልክት ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ያሳስታል። ትልቅ ሰው ፊት አንገቱን የሚደፋ ልጅ ጨዋ ነው። «እንዴት ያለ አስተዋይ ልጅ!» ተብሎ የተመሰገነ ስንት ልጅ ይሆን ድጋፍ ሳያገኝ የቆየው?

ሲዘገይ ደግሞ ማብራሪያው ይለወጣል። ዐይን ነው፣ ቡዳ ነው፣ ጂን ነው፣ የአያት እርግማን ነው ይባላል። ቤተሰቡ ግሸን ማርያም ይሳላል፤ ጠበል ይወስዳል፤ ሼሁ ዘንድ ሄዶ ዱዓ ያስደርጋል፤ ክታብ ያስራል። ወሎ ስለሆነ አንዱ ቤት ሁለቱንም ቢሞክር ማንም አይገርመውም። ከጸሎቱና ከዱዓው ጋር ጠብ የለኝም፤ ለእናትየው ብርታት ነው። ጠቡ ልጁ «ያለበት ይውጣ» ተብሎ ሲገረፍ፣ ሲታሰር ነው። ብዙ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች የሚጥል በሽታም ይኖርባቸዋል። በጠበሉ ወይም በክታቡ ብቻ ታምኖ የዚያ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

በሕክምናው በኩል መንገዱ ከጤና ጣቢያ ይጀምርና ወደ ደሴ ሆስፒታል ያመራል። ቅድሚያ የሚመረመረው ጆሮ ነው፤ የማይሰማ ልጅም ስሙ ሲጠራ አይዞርምና። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ትምህርት ክፍል አለው። የሕፃናት የአእምሮ ሐኪምና የንግግር ባለሙያ ግን በአገር ደረጃም ጥቂት ናቸው። የታወቁት የኦቲዝም ማዕከሎች 400 ኪሎ ሜትር ርቀው አዲስ አበባ ናቸው። ልጁ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ሊቀመጥ ይችላል ወይ የሚለው ራሱ ትልቅ ጥያቄ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ ሰዉም ተፈናቀለ። የአልጋው ቦታ ሲቀየር ሌሊቱን የሚጮህ ልጅ ይዞ መሰደድ ምን እንደሚመስል ያየው ያውቀዋል።

ከማዕከሎቹ ቀዳሚው ጆይ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለልጇ የሚሆን ትምህርት ቤት ስታጣ እ.ኤ.አ. በ2002 አቋቋመችው። አቡጊዳ ፎነቲክስ የሚባል የንግግር ማስተማሪያ ዘዴም ያዘጋጀችው እሷ ነች። መሠረቱ የራሳችን ፊደል ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል በአንዴ ከአፍ የሚወጣ ድምፅ ስለሆነ ልጁ ቃሉን ቁርጥ ቁርጥ አድርጎ ይይዘዋል። ነህምያ የተባለውንም ማዕከል ያቋቋሙት ወላጆች ናቸው። ደጋግሞ የሚታየው ይኸው ነው፤ በሩን የሚከፍተው ወላጅ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች አሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ። 9 የቡድን ትምህርትና 3 የቤት ጉብኝት ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥም ተሞክሯል። የያዘው ሐሳብ ቀላል ነው። ልጁን ለሰዓታት ጠረጴዛ ላይ ከማስቀመጥ፣ በየቀኑ የሚሠራውን የቤት ውስጥ ሥራ ማስተማሪያ ማድረግ ይሻላል ይላል።

ወሎ ውስጥ ለዚህ ከቡና የተሻለ ምን አለ? በየቀኑ ይፈላል፤ ቅደም ተከተሉም አይለወጥም። መታጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ማፍላት፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ዕቃ መደርደር የሚወድ ልጅ ረከቦቱ ፊት ይቀመጣል። ሲኒዎቹን አንድ በአንድ ይደረድራል። እናትየው የመጨረሻውን ሲኒ እጇ ላይ ታስቀረዋለች። ዝም ብላ ትጠብቃለች። ልጁ እጇን ያያል፤ ቀጥሎ ፊቷን። «ሲ…» ካለ ወይም በጣቱ ካሳየ ወዲያው ትሰጠዋለች። ነገም እንዲሁ። ሙቀጫው ሲጀምር ጆሮውን በሁለት እጁ የሚደፍን ከሆነ ወቀጣው ጓሮ ይሆናል፤ ወይም «አሁን ልወቅጥ ነው» ተብሎ ቀድሞ ይነገረዋል። አዛንና ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ በሚገናኙበት ሰፈር ግን ማምለጫው ጠባብ ነው። የባቲን የሰኞ ገበያ ለጊዜው መተው ነው።

ምግብ ሌላ ፈተና ነው። ወጡ እንጀራውን ከነካው አልበላም የሚል፣ ከደረቅ ቂጣ ውጪ የማይቀምስ ልጅ አለ። አንድ ገበታ ላይ አብሮ መብላት ክብር በሆነበት ቤት ለብቻው በሳህን ሲቀርብለት «አቀበጥሽው» ይባላል። ቅብጠት አይደለም፤ የምግቡ ልስላሴና ሽታ እውነትም ያስጨንቀዋል። አዲሱን ምግብ ከሚወደው አጠገብ በትንሹ ማስቀመጥ ይሻላል። በጉልበት ማጉረስ ነገሩን ያከፋዋል።

ከቤት ሹልክ ብሎ መውጣትም አለ፤ ውኃ የሚወዱት ደግሞ ብዙ ናቸው። ክረምት ላይ የቦርከና ወንዝ ሲሞላ ቀልድ የለም። ስለዚህ ባለሱቁ፣ የባጃጅ ሹፌሮቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ልጁን በመልክ ማወቅ አለባቸው። ልጁን መደበቅ የሚጎዳው በዚህም በኩል ነው። ሰፈሩ የማያውቀውን ልጅ ማን ይመልሰዋል?

ትምህርት ቤት ላይ የአገሪቱ ፖሊሲ አካቶ ትምህርትን፣ ማለትም ልዩ ፍላጎት ያለውን ልጅ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ማስተማርን፣ ይደግፋል፤ አንዳንድ ትምህርት ቤቶችም የልዩ ፍላጎት ክፍል አላቸው። በተግባር ግን አንድ መምህር የተጨናነቀ ክፍል ይዞ ከሚጮኸው ልጅ ጋር ብቻውን ይጋፈጣል። ወላጅ ቀድሞ ሄዶ «ሲጨንቀው ይህን ያደርጋል፣ ይህን ብታደርጉለት ይረጋጋል» ብሎ ሲያስረዳ ይቀላል።

ሸክሙ በእናት ላይ ይከብዳል። ሥራ ትተዋለች፤ ለቅሶም ሠርግም ትቀራለች። የቅሬው (የዕድሩ) ሴቶች «ኮራች» ሳይሉ፣ አንዷ ልጁ ጋ ስትቆይ ሌላዋ ይዛት ብትሄድ ብዙ ነው።

ገጠር ላይ ደግሞ ሌላ ዕድል አለ። በየቀኑ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መንገድ የሚወጣ መንጋ ለውጥ ለማይወድ ልጅ ይመቻል። በጎቹን በመልካቸው ለይቶ የጎደለችውን ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ሊሆን ይችላል። ብቻውን ግን አይላክም፤ ከጎኑ ጮሆ የሚጣራ ሌላ እረኛ ያስፈልጋል።