«የኅብረተሰብ ድርሻ» የግድ ብር አይደለም

ደሴ ውስጥ ለሰፈር የጋራ አትክልት ቦታ ድጋፍ ሊጠየቅ ሲታሰብ ብዙ ሰው የሚሸሸው ቅጹ ላይ «የኅብረተሰብ ድርሻ» የምትለው፣ ሰፈሩ ራሱ የሚሸፍነውን የወጪ ክፍል የምትጠይቀው መስመር ጋ ሲደርስ ነው። ከየት አምጥተን እናዋጣ? ኧረ ቆይ! ድርሻው በገንዘብ፣ በጉልበት ወይም በዓይነት (በዕቃ) ሊሆን ይችላል። የትኛውን እንደሚቀበል ድጋፍ ሰጪውን ቀድሞ መጠየቅ ነው።

እንበልና ሥራው 100 ሺህ ብር ይፈጃል፣ የእናንተ ድርሻ ደግሞ 20 በመቶ ነው። 25 ሰው ሁለት ሁለት ቀን ቢቆፍርና የቀን ሥራው በ400 ብር ቢታሰብ 20 ሺዋ ሞላች። ፍግና የአጥር እንጨትም እንደ ስምምነቱ ይቆጠራል። የጦሳ ተራራ ቁልቁለት ላይ ከሆናችሁማ እርከኑ ብቻውን ስንት ጉልበት ነው፣ ሳታስቆጥሩት እንዳትቀሩ።

የሚያጣላው መዝገቡ ነው። ቀን፣ ስም፣ የተሠራው ሥራ፣ ፊርማ፤ እዚያው ቦታው ላይ ይሞላ። ወር ቆይቶ በአንድ እስክሪብቶና በአንድ እጅ ጽሑፍ የተሞላ ወረቀት ኦዲተር ፊት አያዋጣም። ዋጋውም የአካባቢው ገበያ ይሁን፤ አንድ ጆንያ ፍግ በጤፍ ዋጋ ከተመናችሁ ሰጪው መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ ይሰርዛል። መሬቱ የቀበሌ ከሆነ ደግሞ ድርሻችን ብላችሁ አትጻፉት፤ የፈቃድ ደብዳቤውን ግን አያይዙ።